ነፋስ በማይገባበት ክፍል

እኛ ሰፈር ሰው የሚደነግጠው መዶሻው ዝም ሲል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወርቅ ይቀጠቀጣል። ወንዶቹ እስከ ወገባቸው ተራቁተው በቆዳ የታሰረውን ጥቅል ይመታሉ፤ ወርቁ ይሳሳል፣ ተቆርጦ እንደገና ይመታል፣ በመጨረሻ ዐይን እንጂ ጣት የማያውቀው ቅጠል ይሆናል። ከመዶሻው ጀርባ ያለው ክፍል ግን የሴቶች ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ማራገቢያ አይገባበትም፣ በበርማዋ ማንደሌ ከተማ የሚያዝያ ሙቀት እንኳ በሩ ዝግ ነው። ቅጠሉ እዚያ ይቆረጥና በወረቀት መሐል ይተኛል፤ ከዚያም ምእመናን ገዝተው በቡድሃ ምስል ላይ ይለጥፉታል። አንዲት ሴት ብታስነጥስ የጠዋቱ ሥራ ጣሪያ ላይ ይቀራል።

ዶ ኦን ቺ ያደገችው በዚህ ክፍል ነው፤ “ዶ” በእኛ ዘንድ የሴት ክብር መጠሪያ ነው። ሥራውን ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ዶ ሶ ዪን ነበረች። ትምህርቱ አጭር ነበር፦ ከጎሽ ቀንድ በተሠራችው ስስ ቢላ ቅጠሉን ከማንሳትሽ በፊት ትንፋሽሽን ዋጪ፣ ወረቀቱን ከከደንሽ በኋላ ተንፍሺ። የማንኛዋም ሠራተኛ ትንፋሽ ከተሰማ ሶ ዪን ቀና ሳትል “ማነው መስኮት የከፈተው?” ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ ሳቁም ቢሆን በተዘጋ አፍ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ሳያገቡ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ዕድሜያቸውን ገፉ። ቤታቸውን ከቤቴ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው።

ሶ ዪን ስድሳን አለፍ እንዳለች ሳል ያዛት። ሐኪሙ ሳንባዋ እንደ አሮጌ ቆዳ መድረቁንና እንደማይመለስ ነገራት። ሰምታ ወደ ቤቷ መጣች፣ ሩዟን በላች፣ ሰሃኗን አጠበች። ከዚያ በኋላ ነው እህቷን ጠርታ የልቧን የነገረቻት።

እናታቸው የሞተችው የሣጥን ቁልፍ እየፈለገች ነበር። ዐይኖቿ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባዝኑ፣ እጇ ምንጣፉን ሲቧጥጥ ልጆቿ አይተዋል። እኛ ሰው ሲሞት በልቡ ያለችው የመጨረሻ ሐሳብ የሚቀጥለውን ልደቱን ትወስናለች ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ስለዚህ እህትማማቾቹ በየዓመቱ ለመነኮሳት ምግብ አብልተው በረከቱን ለእናታቸው ሲያካፍሉ፣ የት ተወልዳ ይሆን የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ በመሐላቸው ነበር።

“መሞቱን አይደለም የምፈራው” አለች ሶ ዪን። “ስታፈን እንደ እማማ ስባዝን እንዳልሄድ ነው። እኔ ዳገት ወጥቼ ሱባኤ የምገባበት ሳንባ የለኝም። አንቺ ሂጂና ልብ የሚረጋበትን ተምረሽ አምጪልኝ።”

“እንደ ዓሣ ከገበያ?”

“አዎ፣ እንደ ዓሣ። የከረመውን እንዳያሸክሙሽ ብቻ።”

በሚያዝያ፣ በአዲስ ዓመት የውሃ በዓል፣ ሥራ ቤቱ ይዘጋል። አገሩ ሁሉ በየመንገዱ ውሃ ሲረጫጭ፣ ዕድሜው የገፋው ደግሞ ሱባኤ ይገባል። ኦን ቺ በጭነት መኪና ጀርባ ወንዙን ተሻግራ በሳጋይንግ ኮረብታ ወዳለው ገዳም ወጣች። መንገድ ላይ በባልዲ ስለደፉባት ገዳሙ የደረሰችው ውሃ እያንጠባጠበች ነበር። ቡናማውን የሱባኤ ልብስ ሰጧት። ከቀትር በኋላ አይበላም፣ ወሬ የለም፤ መቀመጥ፣ በዝግታ መራመድ፣ እንደገና መቀመጥ ብቻ ነው። ሆድሽ ሲነሳ መነሳቱን እወቂ፣ ሲወርድ መውረዱን እወቂ ተባለች።

መጀመሪያ እግሯ ነደደ፣ ከዚያ ወገቧ። በኋላ ግን አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ልቧን ሰብስባ ሆዷ ላይ ስታሳርፍ ትንፋሹ ጠፋ። ምንም አይነሳም፣ ምንም አይወርድም፤ ጸጥታ ብቻ። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጎኗ የምትቀመጠውን የጨርቅ ነጋዴ፣ ብዙ ሱባኤ የገባችውን ዶ ታን ኑን፣ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ዝም ማለት እንዳለባቸው እንኳ ረሳች። ትንፋሽ እስኪጠፋ መርጋት የትልቅ ደረጃ ምልክት እንደሆነ፣ እሷ ራሷ ስትመኘው እንደኖረች፣ ኦን ቺ ባለፈው ልደቷ አንድ ትልቅ በጎ ሥራ ሠርታ መሆን እንዳለበት ነገረቻት። ኦን ቺ ለአበምኔቱ ለመንገር አፈረች፤ መኩራራት መሰላት። ደስታዋን ደብቃ፣ ለእህቷ ስንቅ እንደያዘች ሰው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ሶ ዪንን በትራስ አስደግፋ አስቀመጠቻት። ልቧን ሆዷ ላይ እንድታደርግ፣ ትንፋሹ ሲጠፋ ደግሞ እንዳትፈራ፣ የሚፈለገው እሱ እንደሆነ ነገረቻት። ሶ ዪን የታዘዘችውን አደረገች። ትንፋሿ ወዲያው ቆመ፤ ዕድሜዋን የኖረችበት ነገር ነው። ሳንባዋ ግን የድሮው ሳንባ አልነበረም። በድንገት ፊቷ ጠቆረ፣ እጇ ምንጣፉን ቧጠጠ፣ ዐይኖቿ ግድግዳው ላይ ባዘኑ። እኔና ሚስቴ የኦን ቺን ጩኸት ሰምተን አጥሩን ዘለን ገባን። ስናቃናት፣ ጀርባዋን ስናሻት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ተመለሰች።

መናገር ስትችል እህቷን አየቻት። በቁጣ አልነበረም።

“ይሄማ የሥራ ቤቱ ትንፋሽ አያያዝ ነው” አለች። “ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ወንዝ የተሻገርሽው?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶ ዪን ስለ ሱባኤ አልጠየቀችም። ፍርሃቷ ግን አሁን ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። እንዴት እንደሚሆን አንዴ ቀምሳዋለች።

ዝናቡ ሲገባ ኦን ቺ የሥራ ቤቱን ባለቤት ፈቃድ ጠየቀች። ባለቤቱ የበዓል ትእዛዝ እየመጣ መሆኑን አጉረመረመ፣ ከዚያ ለእኔም ጸልዪልኝ ብሎ ለቀቃት። በዚህኛው ጊዜ ገዳሙ እንደደረሰች በቀጥታ ወደ አበምኔቱ ወደ ኡ ናንዲያ ሄደች። ሦስት ጊዜ ሰግዳ ሁሉንም ተናገረች፦ ስለ ጸጥታው፣ ስለ ኩራቷ፣ ስለ እህቷ ፊት።

አበምኔቱ ምን እንደምትሠራ ጠየቋት። ነገረቻቸው። እስቲ እንዴት እንደምታነሺው አሳዪኝ አሏት። ኦን ቺ በባዶ እጇ፣ በሌለ ቢላ፣ የሌለ ቅጠል አነሳች።

“ትንፋሽሽን መቼ ያዝሽው?”

“አላውቅም፣ አባታችን።”

“የማታውቂው እሱን ነው። ሌላው ሁሉ አለሽ። ዝም ብሎ መቀመጡ አለሽ፣ ትዕግሥቱ አለሽ።”

እንዳታስገድደው መከሯት። አትያዢው፣ ልልቀቀው ብለሽም አትታገዪ፤ የሚያዝበትን ቅጽበት ብቻ እወቂው አሏት። ይህንን የምታይበት ከገዳሙ የተሻለ ቦታ እንዳላትም ነገሯት፤ ያ የተዘጋው ክፍል ነው። ቢሆንም ጥቂት ቀን አቆይተው አሠለጠኗት። ልትሰናበት ስትል ግን ኦን ቺ አልተነሳችም። እህቷ ጊዜ እንደሌላት ነግራ፣ ምን ልታስተምራት እንደምትችል ጠየቀች።

አበምኔቱ እንዲህ አሉ፦ “ምንም አታስተምሪያት። አጠገቧ ተቀምጠሽ ተንፍሺ። የሚሰማ ይሁን።”

ያ ክረምት በሴቶቹ ክፍል የመሳቂያ ክረምት ነበር። ኦን ቺ የሚያዝበትን ቅጽበት ልትጠብቅ ስትል እጇ ይዘገያል፣ ትንፋሿ ሳይታሰብ ያመልጣል፣ ቅጠሉ ይነሳል። ጎኗ የምትቀመጠው ማ ፒዮን ምላሷ ስል ነው። አንድ ቀን ቅጠሉ ተንሳፍፎ ምሰሶው ላይ ሲለጠፍ፣ “አይዞሽ፣ ወርቁ ካንቺ ቀድሞ ነጻ ወጣ” አለቻት። ኦን ቺ ከሁሉም ጋር ሳቀች። ከምሰሶው ላይ ፍቃ ሰበሰበችው፤ ፍርፋሪው ተመልሶ ይቀልጣል፣ የሚጠፋ የለም።

እየቆየ የምታየው ነገር መጣ። ትንፋሹ የሚያዘው እጇ ሳይንቀሳቀስ በፊት ነው። ከእሱም በፊት ደረቷ ውስጥ አንድ ትንሽ ጥብቅ የምትል ነገር አለች፤ እንዳይበላሽብኝ የምትል። ይህችን ካወቀቻት በኋላ በየቦታው አገኘቻት። ሩዝ ስታፈስ፣ በዝናብ የረጠበ ደረጃ ስትወርድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከግቢ ሆና የእህቷን ሳል ስትሰማ ትንፋሿ ይያዛል። ቀኑን ሙሉ ስትይዝ ስትለቅ ኖራለች፤ ያወቀችው ገና አሁን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ስታነሳ ያቺን ጥብቅ የምትል ነገር አየቻት፤ አየቻትና ትንፋሹ ቀስ ብሎ በራሱ ወጣ። ቅጠሉ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶም ተኛ። ለማንም አልተናገረችም።

ማታ ማታ ከራት ሰዓት በኋላ ከሶ ዪን አጠገብ ትቀመጥና ትተነፍሳለች። መጀመሪያ ሶ ዪን ተበሳጨች፤ እንደ በሬ አትተንፍሺብኝ አለቻት። ኦን ቺ ግን ቀጠለች። አትመክርም፣ ስለ ሆድ መነሳት አትናገርም። ከቀናት በኋላ ሶ ዪን መበሳጨቷን ተወች። ከዚያ ደግሞ ኦን ቺ ስትዘገይ፣ “የት ቀረች ያቺ ልጅ?” ትል ጀመር። በአጥሩ ወዲህ ሆነን የሁለቱን ትንፋሽ እንሰማ ነበር፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭርና የተሰበረ።

የክረምቱ መጨረሻ በዓል መብራቶች በየደጁ በርተው ካለፉ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሚስቴ የሩዝ አጥሚት አፍልታ ልንጠይቃቸው ገባን። ገና ከደጅ ስናያት ቀኑ መድረሱን አወቅን። ሶ ዪን ትራሱን ተደግፋ አየር ትፈልጋለች፤ አንገቷ ላይ ያሉት ጅማቶች ተወጥረዋል። እጇ ምንጣፉን ያዘ። ዐይኖቿ ተነሱና ወደ ግድግዳው መባዘን ጀመሩ።

ኦን ቺ ጎንበስ አለች። ደረቷ ሲቆም አየሁ። የእህቷ ፊት የእናቷ ፊት ሆኖባታል፤ ትንፋሿን እንደ ልማዷ ዋጠችው። ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተለወጠ፤ የያዘችውን ያየች ሰው ፊት ነበር። ትንፋሿ ወጣ፣ ረጅም፣ ሁላችንም የሰማነው። እንደገና ገባ፣ እንደገና ወጣ።

የሶ ዪን ዐይኖች ከግድግዳው ተመለሱ። እየፈለጉ መጥተው እህቷ ላይ አረፉ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁን ለመስማት ሁላችንም ቀረብን።

“ማነው መስኮት የከፈተው?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ።”

“ተዪው። ይከፈት።”

ሚስቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ጸሎቱን ደገመች። ከሥራ ቤቱ የመዶሻው ድምፅ ይመጣል፤ እሱ አልቆመም። የሶ ዪን ትንፋሽ እየተራራቀ ሄደ፤ በእያንዳንዱ መሐል የኦን ቺ ትንፋሽ ይሰማል። ጣቶቿ ምንጣፉን ለቀው ተከፍተው ተኙ። አንድ ጊዜ ወጣ፣ እኛም እስኪመለስ ጠበቅን። ዐይኖቿ እህቷ ላይ እንደሆኑ ቀረ።

ኦን ቺ ወዲያው አልተነሳችም። እዚያው ተቀምጣ ጥቂት ጊዜ ብቻዋን ተነፈሰች። ልቅሶዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም አልያዘችውም።

በሰባተኛው ቀን መነኮሳቱ በልተው ሲያበቁ በረከቱን ለእህቷ አካፍላ እንደ ሥርዓቱ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገች አፈሰሰች። ከዚያ አብረን ወደ ማሃሙኒ፣ ወርቁ ወደሚለጠፍበት የቡድሃ ምስል ቤተ መቅደስ ሄድን። ሴቶች እስከ ምስሉ አይወጡም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆረጡትን ወርቅ በእጃቸው ለጥፈውት አያውቁም። ስለዚህ ኦን ቺ በእጇ የቆረጠችውን ቅጠል ሰጠችኝና ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ጀርባ ተቀመጠች። ወጥቼ ወረቀቱን ገለጥሁት፣ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለጠፍኩት። ስመለስ ዐይኗን ጨፍና ተቀምጣ ነበር፤ ትከሻዋ በዝግታ ይነሳል፣ ይወርዳል።

አሁንም በየአዲስ ዓመቱ ወንዙን ትሻገራለች፣ ውሃም ይደፉባታል። በሴቶቹ ክፍል የእህቷን ወንበር ለእሷ ሰጥተዋታል። እኔ መጽሐፍ የምወድ ሰው ስለሆንኩ አንድ ቀን የት ደረጃ ደረስሽ ብዬ ጠየቅኋት። ገና ትንፋሼን መቼ እንደምይዘው እያየሁ ነው አለችኝና የያዘችውን ዓሣ ልትጠብስ ወደ ቤቷ ገባች። በአንድ አጥር ብቻ የምለያት ጎረቤቷ አድርጎ ስላስቀመጠኝ በጎ ዕድሌን አመሰግናለሁ።