የጋሽ ሞረድ የሐብሐብ ላም

ጋሽ ሞረድ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ ቤት ውስጥ ቆመው ሲቆርጡ፣ በአንድ ደንበኛና በሌላው መካከል ትንሽ ፋታ ካገኙ ቢላዋቸውን ሞረድ ላይ ያፋጫሉ። ቢላዋው ደንዞ እንዳይመስላችሁ። ሲናደዱ ይስሉታል፣ ሲደሰቱ ይስሉታል፣ የሰው ወሬ ሲጥማቸውም እየሳሉ ነው የሚሰሙት። በዚህ ስም መጀመሪያ ሲጠሯቸው ተቆጡ፤ እየቆዩ ለመዱት፤ በመጨረሻ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሲመጣ ዞር ብለው ከኋላቸው የቆመ ሰው መፈለግ ጀመሩ።

ሥጋ ቤቱ ጠባብ ነበር። ሜንጦ ላይ የተሰቀለው ሥጋ አንዱን ግድግዳ ይዟል፣ የአጥንት መጋዙ ሌላውን፤ በተረፈችው ቦታ ደንበኛ ተጨናንቆ ይቆማል። ሽንጥ የሚለው፣ ጎድን የሚለው፣ “ስብ አታብዛብኝ” የሚለው ሁሉ ከመጋዙ በላይ ይጮኻል፤ ጋሽ ሞረድ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ድምፃቸው እዚያ ነው የተበላሸው። ቤታቸው ገብተው “ጨው አቀብሉኝ” ሲሉ ጎረቤት ጠብ የተነሳ ይመስለዋል። ጉልበታቸውም እዚያው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ቆሞ አለቀ፤ ሐኪሙ በቃዎት ሲላቸው ሽርጣቸውን አውልቀው ቤት ዋሉ። ከሥራቸው ይዘው የወጡት ሞረዳቸውን፣ አንዲት ቀጭን የአጥንት መለያ ቢላዋና ጫፏ የተቆረጠች የግራ እጅ ጣታቸውን ነው።

ቤቱ ባዶ አልነበረም። ትዳሯ አልሆን ያላት ልጃቸው ሚጣን ይዛ ተመልሳ ገብታለች። ሚጣ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ቁመቷ ከጠረጴዛ የማያልፍ፣ ዓይኗ ግን ከፊቷ የሚበልጥ። እናትና ልጅ ሲመጡላቸው የጋሽ ሞረድ ልብ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ልጅቱ ፈራቻቸው። “ቁርስሽን ብዪ” ሲሏት ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እጃቸውን ሲዘረጉላት የምታየው የሌለችውን የጣታቸውን ጫፍ ነው። እናቷ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ስለሆነች ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ያኔ ሚጣ በሩ ላይ ተለጥፋ ድምፅዋ እስኪዘጋ ታለቅሳለች። ጋሽ ሞረድ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ይቆማሉ። ቢጠጉ ይብስባታል፣ ቢርቁ ብቻዋን ትሆናለች፤ ስለዚህ እዚያው ይቆማሉ።

አንድ ቀን ልጃቸው ዕቃ እያጠበች ነገሩን አወጣችው።

“አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ። እንዲህ ከቀጠለች አክስቷ ጋ ልወስዳት ነው።”

“የት? እዚያ ሌላ ከተማ ድረስ?”

“እዚያ ቤት ውስጥ እኩዮቿ አሉ፣ የማትፈራው ሰው አለ። እኔም በወር አንዴ እየሄድኩ አያታለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ? ጠዋት ጠዋት እያለቀሰች ጥያት ስወጣ ቀኑን ሙሉ ትኬት ተሳስቼ ነው የምቆርጠው።”

ልጅቱ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚቀረው የእሳቸው ጩኸት ብቻ እንደሆነ ጋሽ ሞረድ ያውቁታል።

“ትንሽ ጊዜ ስጪኝ” አሉ። እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው ከቧንቧው ውኃ አልበለጠም።

ሚጣ የምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት አንድ ልማድ ነበረው። በሳምንት አንድ ቀን የአንዱ ልጅ ቤተሰብ ክፍል ድረስ መጥቶ ከልጆቹ ጋር መክሰስ ይሠራል። ልጆቹ በዚያ ሰሞን ስለ እንስሳት እየተማሩ ስለነበር፣ መምህርቷ መክሰሱ በእንስሳ መልክ የሚሠራ ፍራፍሬ እንዲሆን ወስናለች። የአንዱ እናት ከፖም ጉጉት ሠርታ ተጨበጨበላት፤ የሌላዋ አባት ከሙዝ ዓሣ ቢሠራ ልጆቹ ጫማ ነው አሉት። የሚጣ ተራ ሲቃረብ እናቷ ፈረቃ የሚቀይራት ሰው አጣች።

“መምህርቷን፣ ተራችንን እንለፈው ልበላት?” አለች።

“ማን ሞቶብን ነው የምናልፈው?” አሉ ጋሽ ሞረድ። “እኔ የት ሄጄ!”

ሚጣ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ ብላ፣ “እሱ አይምጣ” አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ በኋላ የማያኮርፍ አያት ጥቂት ነው። ጋሽ ሞረድ ግን አላኮረፉም፤ ሞረዳቸውን አወጡ።

በማግስቱ የሄዱት ከድሮው ሥጋ ቤታቸው ፊት ለፊት ወዳለችው ፍራፍሬ ነጋዴ ነው። የዘመናት ወዳጃቸው ናት፤ ምላሷ ከእሳቸው ቢላዋ አይተናነስም። የመጡበትን ስትሰማ ሚዛኗን ይዛ ሳቀች።

“ዕድሜህን ሙሉ እንስሳ ስትበታትን ኖረህ፣ አሁን ልትገጣጥም አማረህ?”

“ሳቂ፣ ሳቂ። ብቻ የማይጠቁር ፖም ስጪኝ።”

“የማይጠቁር ፖም የለም። ሎሚ ጭመቅበት፣ ያኔ ይታገሥሃል። ለዓይን ዘቢብ ያዝ። ለማያያዣ ስቴኪኒ አለልህ፤ ልጆቹ መብላት ሲጀምሩ ግን ሁሉንም ንቀለው፣ ጉሮሯቸውን ይወጋቸዋል።”

ጋሽ ሞረድ ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት ኩሽና ገብተው ይለማመዱ ጀመር። የመጀመሪያዋ የፖም ጥንቸል ጆሮዋ ወደቀ። የማንጎው ጃርት ላባው የተነጨ ዶሮ መሰለ። የተበላሸውን ሁሉ የሚበሉት ራሳቸው ስለነበሩ ሆዳቸው የደረሰበትን መከራ ባናወራው ይሻላል። ሆኖም እጃቸው የሚያውቀውን ያውቃል። ጭን ከወገብ የት ላይ እንደሚገጥም፣ አንገት ምን ያህል እንደሚያዘነብል ከጋሽ ሞረድ በላይ ማን ሊያውቅ ነው? እየዋለ ሲያድር ፍራፍሬው ታዘዘላቸው። በመጨረሻ ሞላላ ሐብሐብ መርጠው፣ የሙዝ ቀንድ፣ የፓፓያ ጆሮ፣ የብርቱካን ልጣጭ ጭራና አራት የአናናስ እግር አዘጋጁለትና አንድ የደለበ በሬ አቆሙ። ራቅ ብለው አዩት። ደንበኛ ቢሆኑ ይገዙት ነበር።

የተራው ቀን ሌላ ሞላላ ሐብሐብ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ቀንዱንና ጆሮውን በፌስታል አንጠልጥለው መዋዕለ ሕፃናቱ ደረሱ። ክፍሉ የሳሙናና የቀለም እርሳስ ሽታ አለው፤ ጠረጴዛው ከጉልበታቸው በታች፣ ወንበሩ ከመዳፋቸው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። መምህርቷ “እንኳን ደህና መጡ አባባ፤ ቢላዋውን ብቻ እርስዎ ይያዙልኝ” ብላ አስገባቻቸው። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ወሬኛ ወዲያው ተጠጋቻቸው።

“ጣትዎን ምን በላው?”

“ቢላዋ።”

“አኘከው?”

ልጆቹ ሳቁ። ሚጣ ግን ጥግ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ልጆቹ የእኔ አያት መሆኑን እንዳያውቁ የምትል ትመስላለች።

ጋሽ ሞረድ ሥራቸውን ጀመሩ። ቀንዱ ሲገባ ሳቁ ጠፋ፤ ጆሮው ሲገባ ወንበር ሁሉ ወደ ፊት ተሳበ፤ ጭራው ሲተከል ሁሉም በአንድ ድምፅ “ወይኔ!” አሉ። ሚጣም ከጫማዋ ላይ ዓይኗን አነሳች። ጋሽ ሞረድ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

“ይሄ የኔ በሬ ነው!” አሉ።

“እንዴት ነው ታዲያ የምንበላው?” ብላ መምህርቷ ጠየቀች። ክፉ አላሰበችም። ግን ጥያቄው ከጋሽ ሞረድ ጆሮ በቀጥታ ወደ እጃቸው ወረደ፤ በጭንቅላታቸው በኩል እንኳ አላለፈም። ስንት ዘመን የሠራ እጅ እኮ ነው።

“እሺ! ተረኛ ማነው? ሽንጥ ነው ጎድን?” ብለው መጋዝ በሚያስንቀው ድምፃቸው ጮኹና ቢላዋውን በበሬው ወገብ ላይ አሳለፉት። በሬው ለሁለት ተከፈለ። ሐብሐቡ ደግሞ በደንብ የበሰለ ነበር፤ ውስጡ ደም መሰለ፣ ጭማቂው በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ጉድ ፈላ። “አረደው!” አለች ወሬኛይቱ። አንዱ አለቀሰ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። መምህርቷ የትኛውን አቅፋ የትኛውን እንደምትተው ግራ ገባት። ሚጣ አላለቀሰችም። አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው፤ ጋሽ ሞረድን ክው ያደረጋቸው ይሄ ነው። አለቀ፣ ዛሬ በገዛ እጄ ሸኘኋት አሉ በልባቸው።

ቢላዋውን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። ተመልሰው ሐብሐቡን አዩ፤ በቀዩ ውስጥ የተሰገሰጉት ጥቁር ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ዓይን መስለው ታዩአቸው። የታመመ ጉልበታቸውን አጥፈው ከልጆቹ እኩል ሆኑና በሹክሹክታ መናገር ጀመሩ። ሲንሾካሾኩ ልጆቹ ለመስማት ሲሉ ለቅሷቸውን ቀነሱ።

“ሽሽሽ... ቀስ በሉ፣ ታስደነግጧታላችሁ። መቼ ታረደች? ወለደች እንጂ።”

“በሬ ይወልዳል እንዴ?” አለች ወሬኛይቱ እንባዋን እየጠረገች።

“በሬ ያላት ማነው?”

“እርስዎ ነዎት!”

“ተሳስቼ ነዋ! ላም ናት። ሥጋ ቆራጭ መቼ ላምና በሬ ለይቶ ያውቃል?”

በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሽተው አያውቁም። የድሮ ደንበኞቻቸው ቢሰሙ ሥጋ ቤቱን በድንጋይ ይሉት ነበር።

“ቀንድ አላት እኮ!”

“ላምም ቀንድ አላት” አለች መምህርቷ ፈጠን ብላ። እግዜር ይስጣት።

ጋሽ ሞረድ ከሐብሐቡ አንድ ቁራጭ አወጡና ሁለት ጥቁር ፍሬ ተከሉበት። “ይቺውላችሁ የመጀመሪያዋ ጥጃ። ታያለች፤ ግን አትሰማም፣ ጆሮ የላትም። ማነው ጆሮ የሚሰጣት?”

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ወንበር ተንኳኳ። ሚጣ ነበረች። ሁለት የብርቱካን ፍልቃቂ ከፍራፍሬው ሳህን አንስታ እየተጎተተች መጣች።

“እነዚህ ይሆናሉ?”

“ይሆናሉ እንጂ። የት ላድርጋቸው?”

“እዚህ። አይ፣ እዚያ አይደለም፤ እዚህ!” አለችና ያቺን አጭር ጣታቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጆሮው የሚገባበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ጣቲቱን አልለቀቀቻትም። ጋሽ ሞረድ እንባ እንባ አላቸው፤ ጉንፋን አስመስለው አፍንጫቸውን ሳብ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው? ልጆቹ ሁሉ አዋላጅ ሆኑ። ሦስት ዓይን ያላት ጥጃ ተወለደች፣ ክንፍ ያላት ጥጃ ተወለደች፤ አንዱ በጥጃው ላይ ጥጃ ጭኖ ግመል ነው አለ። ጋሽ ሞረድ ስቴኪኒውን እየነቀሉ በመካከላቸው ይሽከረከራሉ።

“የኔ ጥጃ ጭራዋ ጠፋ” አለ አንዱ።

“የት ሄደ?”

“ሆዴ ውስጥ።”

ይሄ እንደተሰማ ጭራው ሁሉ መጥፋት ጀመረ፤ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ ጆሮ። ፍራፍሬ ሲያዩ አፋቸውን የሚዘጉ ሁሉ ከአገጫቸው ጭማቂ ይንጠባጠብ ጀመር። ሚጣ ጥጃዋን ከኋላ ጀምራ በላቻትና ጆሮዎቿን ለመጨረሻ አስቀረች፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዷል።

“ላሟ ግን እንዴት ነው የምትጮኸው?” አለች ወሬኛይቱ አፏን ሞልታ።

ሚጣ ወደ አያቷ ዞረች። “አባባ፣ ጩህላቸው!”

ጋሽ ሞረድ መምህርቷን አዩ፤ መምህርቷ ራሷን ነቅንቃ ፈቀደች። ከዚያ ሥጋ ቤት ውስጥ ያጠራቀሙትን ድምፅ በሙሉ ለቀቁት። “እምቧዋዋ!” መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከጎን ያለው ክፍል በር ተከፈተ፤ ርዕሰ መምህርቷ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ልጆቹ በደስታ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሚጣ ወንበር ላይ ወጥታ ቆማ፣ “የኔ አያት ነው! የኔ!” እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገራለች። ጋሽ ሞረድ ስንት ጊዜ እንደጮኹ እንጃ፤ ሊሄዱ ሲነሱ ከላሟ የተረፈው ቅርፊት ብቻ ነበር፣ እሱም ተልሷል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጣ አጭሯን ጣት እንደያዘች ነበር። በፍራፍሬ ነጋዴዋ በር ሲያልፉ ሴትየዋ ገና ከሩቅ አየቻቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት። ጋሽ ሞረድ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ እንደ ሙሽራ እየተራመዱ አለፏት።

“አባባ፣ ቀጭኔ ትችላለህ?” አለች ሚጣ።

“ቀጭኔ እንኳ እጄ ገብቶ አያውቅም። አንገቱ ነው የሚያስቸግረን።”

“አብረን እንሞክር።”

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናትየው ቦርሳዋን አንግታ፣ እንደ ወትሮው ወደ በሩ ሄደች። ሚጣ ቀድማት ተነስታለች። ጋሽ ሞረድ ኩሽና ውስጥ ሙዝ እየመረጡ ነው። እናትየው ለቅሶውን ለመቀበል ተዘጋጅታ ጎንበስ ስትል ልጅቱ ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ውጭ ገፋ ገፋ አደረገቻት።

“ሂጂ እንጂ እማዬ! እኛ ሥራ አለብን” አለችና በሩን በራሷ እጅ ዘጋችባት።