የዶሮዎቹ ኒሻን

ልጅ ሳለሁ የሁለቱን አውራ ዶሮዎች ተረት የነገሩኝ አባባ ዘውገ ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራቸው፣ መስቀልና ጉትቻ የሚሠሩ አንጥረኛ። ያኔ አመሻሽ ላይ ወናፋቸውን ሲነፉ፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ የከሰሉ ጭስ ዓይኔን እያስነባኝ፣ ደጃፋቸው ላይ ተወዝፌ የማልሰማው ነገር አልነበረም። «ራዲዮአችን መጣች!» ይሉኛል። አፌ ያኔም አያርፍም ነበር።

ከኤርትራ ጋር ጦርነት የተነሣ ሰሞን ነው። ሁለት አውራ ዶሮዎች በአንድ የአመድ ክምር ተጣሉ አሉኝ። ላባ ለላባ ሲነጫጩ ጭልፊቷ ጫጩቶቻቸውን አንድ በአንድ ለቅማ ጨረሰች። በመጨረሻ አንደኛው ክምሩ ላይ ወጥቶ «አሸነፍኩ!» ብሎ ጮኸ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

«የትኛው ነው የኛ?» ስላቸው፣

«እሱን ጭልፊቷን ጠይቂያት» ብለው መዶሻቸውን አነሡ።

ከአሮጌ የነሐስ ትሪ ቆርጠው ኒሻን ሠሩ። ሁለት የተላጡ ዶሮዎች፣ በላያቸው ጭልፊት፣ ከሥር «ላባውን ለጨረሰ ጀግና» የሚል ጽሑፍ፤ ማንጠልጠያው የዱቄት ጆንያ ጨርቅ ነው። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ባለቤታቸው እማማ ለተ አልሳቁም። የአስመራ ልጅ ናቸው፤ ወንድማቸው ማዶ፣ በኤርትራ በኩል ወታደር መሆኑን በግድግዳው ስንጥቅ ሰምቼ አውቅ ነበር።

«ዘውገ፣ ይሄን ነገር ቅበረው» አሏቸው።

አልቀበሩትም፤ እኔ ስለምናቸው ከቤት እንዳላወጣው አስምለው ሰጡኝ።

በማግስቱ የግቢው ሴቶች ለዘማች ስንቅ ዳቦ ቆሎ ሊቆሉ ተሰበሰቡ። እማማ ለተም ሊጥ እየቆረጡ ነበር። ኒሻኑን ደረቴ ላይ ሰክቼ ከች አልኩ። ከቀበሌ መጥቶ ስንቁን የሚረከበው ሰውዬ አየኝና «ሚጢ፣ ይሄ ደግሞ የምን ጀግንነት ነው?» አለኝ። ተረቱን አወራሁት። ሴቶቹ ሳቁ፤ እነሱ ሲስቁ እኔ መች ላቆም!

«ታዲያ አንቺ ለየትኛው ዶሮ ነሽ?»

«እኔ ለኛው! እማማ ለተ ግን ለሁለቱም ነው የሚያለቅሱት፤ ወንድማቸው እዚያ ወታደር ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ብረት ምጣዱ ላይ ያለውን የሚያማስል ጠፋ፤ ጭሱ ቤቱን ሞላው።

«ኧረ እያረረ ነው፣ አማስሉት» አሉ እማማ ለተ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፖሊሶች መጥተው እማማ ለተን ወደ ኤርትራ ሊያባርሯቸው ወሰዷቸው። አንድ ሻንጣ ብቻ ያዙ። አባባ ዘውገ በቁጣ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ራዲዮ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ጎረቤቱ «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ስማቸው ቀድሞም ተመዝግቦ ነበር» ይለኛል። ይሆናል። ወንድምየውን ግን ከእኔ በቀር ማን ያውቅ ነበር? እስከ ዛሬ የሰው ወሬ አፌ ላይ ሲመጣ የሚያርር ዳቦ ቆሎ ይሸተኛል፤ አንዳንዴ ያስቆመኛል፣ አንዳንዴ አያስቆመኝም።

አባባ ዘውገ ዓመት ሳይሞላ ሞቱ። ወንድምየው ከጦርነቱ አልተመለሰም። ከሃያ ዓመት በኋላ የአስመራ ስልክ ሲከፈት ደወልኩ፤ የእማማ ለተ የእህት ልጅ አንሥታ «አርፈዋል» አለችኝ። ግቢያችን ፈርሷል። ኒሻኑ እኔ ጋ ነው።