ስድስት ጊዜ የሚመታለት በሽታ

ሂለቼ ዝቮለ ከተማ ገበያ ላይ ከባሏ ከቮልተር ጋር ዓሣ ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ደንበኛ ቮልተርን «እንዴት ከረምክ?» ሲለው፣ «ደህና ነው፣ ወገቡን ብቻ ያመዋል» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ሰው ይህን ፍቅር ይለዋል። የሰው አፍ መቀማት ከመቼ ወዲህ ነው ፍቅር የሆነው?

አምና ቮልተርን ስትሮክ መታውና ምላሱ ተሳሰረ። ንግግር የምታስተምረው ወጣቷ ፌና፣ ሐኪሙ በአገራቸው ቋንቋ የነገረውን የበሽታውን ስም፣ የደም ስር መደደር ማለት ነው፣ እንደ ሕፃናት ትምህርት ቆራርጣ፣ በየቁራጩ ጠረጴዛ እያስመታች ታስጠናው ጀመር።

«ስላኽ፣ አ፣ ደር፣ ፈር፣ ካል፣ ኪንግ። የመጀመሪያው ላይ ጠንከር ይበሉ፤ ‹ኽ› ከጉሮሮ ትውጣ።»

አንድ ቀን ቮልተር ቃሉን እስከ ጫፉ ዘለቀውና ሳቀ። ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ጋ የተቀመጠችው ሂለቼ አንጀቷ አረረ። ለእሷ «ዳቦ» ማለት ያቃተው ሰውዬ፣ ለዚች መንገድ የሚያህል ቃል ይዘረግፍላታል!

«ቤት ውስጥ ሲናገር እስኪጨርስ ይጠብቁታል?» አለቻት ፌና።

«‹ዳ› ሲል ዳቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ያስጠብቀኛል?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት፣ ወይዘሮ ሂለቼ።»

«አንቺማ ግማሽ ሰዓት ታግሠሽ ትሸኚዋለሽ! የቀረውን የምችለው እኔ ነኝ። ደሞ ሽቶሽ!»

ቮልተር ፈገግ አለ። ይሄ ይበልጥ አበገናት።

የቮልተር ልደት ቀን ቤት ውስጥ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደረደሩ። ፌና እንድትጠራ ቮልተር በምልክት ቢለምናትም ሂለቼ ያልገባት መሰለች። እንግዳው ሁሉ እሱን ከጨበጠ በኋላ እንደ አገሩ ልማድ ለሚስቲቱም «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ጎረቤታቸው ሩሎፍ ኬኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አገኘብህ?» ሲል ጠየቀ።

«ስላኽ...» አለ ቮልተር፤ እዚያው ቆመ።

ሂለቼ አፏን ከፈተች። የቀረው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ባሏ ግን አስቀድሞ አንገቱን ደፍቷል፣ መነጠቁን የለመደ ሰው አደፋፍ። ሹካዋን ጣለችና የራሷን ኬክ በእጇ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

«ኧረ ሴትዮ፣ ትታነቂያለሽ!» አለ ሩሎፍ።

ቮልተር የሚመታው ነገር ፈለገ። ጠረጴዛው ርቋል፤ እጁ የሚስቱን ጉልበት አገኘ።

«አ... ደር...» መታት። «ፈር... ካል... ኪንግ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሂለቼ ጉንጯ እንደተወጠረ፣ «ለሷ እኮ ጠረጴዛ ነው የመታላት» አለች በሆዷ። ሩሎፍ ባዶ ሲኒውን ቢያንቃጭልም ቡና ልትቀዳ አልተነሳችም፤ የቮልተር እጅ ገና ጉልበቷ ላይ ነበር።