የእትዬ ብሎን አራት ፊደላት

እትዬ ብሎን ብረት መበየድ አይወዱም። «የተበየደ ነገር ግትር ነው፤ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ይለውጣል» ይላሉ። በሃያ ስድስት ዓመት የታፔላ ሥራቸው ከእጃቸው የወጣው ፊደል ሁሉ የሚታሰረው በሁለት ብሎንና በሁለት ዳዶ ነው። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር የመዝገብ ቤት አይጥ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ አያውቁም። ፊደሎቹን ግን እንደ ጎረቤት ልጆች በመልካቸው ይለያሉ፤ ኤስ እባብ፣ ቲ መዶሻ፣ ኦ ቀለበት፣ ፒ ባንዲራ። ባለ አምስት ፎቁ ሕንጻ ምድር ቤት ባለችው ክፍላቸው የቀሯቸውም እነዚህ አራቱ ናቸው። ክንድ የሚያህሉ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ፤ አንድ ፖስታ ቤት ሲዘጋ «የእርስዎ ሥራ ነው፣ ይውሰዱት» ብሎ የመለሰላቸው።

አዲሱ የሕንጻው ሥራ አስኪያጅ ያችን ክፍል ለባነር አታሚ ለመስጠት ቋምጧል። መጀመሪያ «ለደኅንነት» ብሎ መብራታቸውን ቆረጠ፤ ብረት መቁረጫው ጸጥ አለ። ቀጥሎ ተከራዩ ሁሉ በተሰበሰበበት ደረጃው ሥር ያዛቸው።

«እማማ፣ ጊዜዎ አልፏል። ዛሬ በብረት ማን ይጽፋል?»

«እማማህ ቤቷ ናት። እኔ ታፔላ ሠሪ ነኝ።»

ተከራዮቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ጆሮው ቀላ።

«እሺ ታፔላ ሠሪ! ሐሙስ እዞራለሁ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ በየፎቁ አንድ በር ላይ የእርስዎ የብረት ጽሑፍ ተሰቅሎ በዓይኔ ካየሁ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካላየሁ ዓርብ ጠዋት ዕቃዎን ያወጣሉ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው!» አለ፣ ያለ መብራት ፊደል ከየት ታመጣለች ብሎ በሆዱ እየሳቀ።

እትዬ ብሎን አራቱን ፊደላት በጆንያ ይዘው ፎቅ ለፎቅ ዞሩ። «በእነዚህ ብቻ ምን ልትባሉ ትችላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ድስት ሻጭ ፖትስ መባል አማራት፤ ድስቶች ማለት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ሸሚዝ ሻጯ ቶፕስ አለች፤ የላይ ልብሶች። የሦስተኛው ጭማቂ ቤት ስፖት፣ አረፍ የሚባልበት ቦታ፤ የአራተኛው ዕቃ ላኪ ፖስት፣ መልእክት። እትዬ ብሎንም በየበሩ ላይ ቀዳዳ ያለው የብረት ሐዲድ መቱ።

«እትዬ፣ አራት ፊደል አራት ቦታ እንዴት ይሆናል?» አለች ሸሚዝ ሻጯ።

«እሱ በአሳንሰር ይመጣል፤ እኔ በኋላ ደረጃ።»

ሸሚዝ ሻጯ ገብቷት ሳቀች። የዚያ ሕንጻ አሳንሰር ከምድር ነፍሰ ጡር ይዞ ቢነሣ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ልጁ ፊደል ቆጥሮ ይወርዳል።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ «ፖትስ!» ብሎ በኩራት አነበበ፤ እንግሊዝኛው ይጣፍጠዋል። ፊቱን ወደ አሳንሰሩ ሲያዞር እትዬ ብሎን መፍቻቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ከኋላ ደረጃው ብቅ አሉ። ስምንቱን ዳዶ አውልቀው፣ ፊደሎቹን ታቅፈው ሽቅብ! ሁለተኛው ፎቅ ቀላል ነበር፤ ባንዲራና መዶሻው ቦታ ተለዋወጡ።

«ቶፕስ! ይሄም ቀይ ነው?»

«ቀይ ያምርባቸዋል» አለች ሸሚዝ ሻጯ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ እየተጣደፉ ማሰር ጀመሩ። አንድ ብሎን ከእጃቸው አምልጦ እየተንጣጣ እስከ ምድር ወረደ። እባቡ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አሳንሰሩም ተከፈተ።

«ስፖት! ፊደሉ ግን ይወዛወዛል።»

«እባብ አይደል እንዴ፣ ምን ያድርግ?» አለ ባለ ጭማቂ ቤቱ፤ አንድ ብርጭቆም አስጨበጠው። እስኪጠጣ እትዬ ብሎን ትንፋሻቸውን ከደረጃው ላይ ለቀሙ።

አራተኛው ላይ «ፖስት» አለ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። የደብተሩን ምልክቶች ደጋግሞ ቆጠራቸው። አራት ናቸው።

«ሐሳቤን ለውጫለሁ» አለ። «የማስወጫውን ደብዳቤ አሁኑኑ ማህተም አደርግበታለሁ።» ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ውስጥ ገባ።

እትዬ ብሎን «ሐሳቤን ለውጫለሁ» የሚለውን ከኋላ ደረጃው ሰሙ፤ ይህን ቃል ለሃያ ስድስት ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋል። የፖስቱን ሐዲድ ከነፊደሉ ነቅለው ወጡ። በቢሮው በር እጀታ አሾልከው ከመቃኑ ብረት ጋር በብሎን ጠረቀሙት፤ የመንገድ ምልክት ላይ እንዳዩትም እባብ፣ መዶሻ፣ ቀለበት፣ ባንዲራ አድርገው ደረደሩት። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከአሳንሰሩ ሲወጣ አንድ እግሩ አየር ላይ ቀረ።

«ስቶፕ» ብሎ አነበበ፤ ቁም ማለት ነው። ከዚያ ገባው። «ያው ፊደል ነው እኮ! አታለሉኝ!»

«በዓይኔ ካየሁ አልክ፤ አየህ። በአንድ ጊዜ አላልክም።»

«ይፍቱት! ማህተሙ ውስጥ ነው!»

«እሱማ እዚያው ይቆይ። ቃልህን እዚህ፣ ሰው ፊት ድገምልኝ። መብራቴንም መልስ።»

አራቱ ተከራዮች ከኋላው ደረጃውን ሞልተውታል። የሕንጻው ዘበኛ የወደቀውን ብሎን በመዳፉ ይዞ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ በሩን አየ፣ ሰዎቹን አየ።

«ክፍሉ የእርስዎ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ለታችኞቹም ይሰማ!»

«ክፍሉ የእርስዎ ነው!» ብሎ ጮኸ። መብራቱን ሊመልስም በእግሩ ወረደ።

ከምድር ቤት ብረት መቁረጫው ሲያጓራ እትዬ ብሎን መፍቻቸውን አነሡ። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ፊደሎቹን ጆንያ ውስጥ ከተቱ፤ የበሩንም እጀታ ከሐዲዱ አላቀቁ። ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ ተመልሶ መጣ።

«ሐዲዱስ?» አለ፣ መቃኑ ላይ የቀረውን ብረት እያየ።

«እሱን ትቼልሃለሁ። ሐሳብህን ዳግም ስትለውጥ ሽቅብ ይዤው አልመጣም።»