የድሮው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የከመርኩት ድንጋይ

ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነበር። የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በለቃቀምኩት ፊደል ነው፤ የተጣመመ ካለ አቃንታችሁ አንብቡ።

ያን ጊዜ ከብልባላ ወደ ላሊበላ የሄድኩት ለንግሥ አልነበረም፤ ለጠብ ነው። ልጄ ብርቄ በገበያተኛ መልእክት ላከችብኝ። «ቤቴ ፈርሶብኝ በምትኩ ከተማው መሃል ካለው ከድሮው ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል ተሰጠኝ። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ሕንፃውን ለመኖሪያ ከፋፍለውታል፣ ግቢውንም አትክልት ተክለውበታል። መጥተው ይመርቁልኝ» ነው ያለችው።

ያን ግቢ አውቀዋለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እኔ ሥራ ፍለጋ ራያ ወርጄ ሳለ፣ ሚስቴ እታገኝ ብርቄን ይዛ እህል ልትቀበል እዚያ ተሰልፋ ሞተች። ስመለስ ተቀብራ ደረስኩ። ከብዙ ሰው ጋር ነው የቀበሯት፤ መቃብሯን ለይቶ የሚያሳየኝ አልተገኘም። «በሩ ላይ ነው የወደቀች» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ደጅ ወድቆ ከሞተ የሞተበት ላይ ድንጋይ ይጣላል፣ አላፊ አግዳሚውም ይጨምርበታል። እኔም በሩ አጠገብ ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ ለገና በሄድኩ ቁጥር ከደጄ አንድ ድንጋይ ይዤ ነው። ክምሩ ወገቤ ደርሶ ነበር። መቃብሯ ለእኔ እሱ ነው።

እንግዲህ ልጄ እናቷን በበላ ቤት ልትተኛ ነው! አልመርቅም፣ በሩንም አልገባም ብዬ ማልኩ። የሄድኩት «ቤቱን መልሺ» ልላት፣ ክምሩንም እንዳይነኩት ልናገር ነው።

መንገድ

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፣ ውርጩም ጣት ይቆርጣል። ስልቻዬ ውስጥ ቆሎና እንደ ወትሮው አንድ ድንጋይ አለ። ከሰቆጣ የሚመጣ አይሱዙ ቆመልኝ። ሾፌሩ ስልቻውን ሊያቀብለኝ ቢያነሣው ከበደው።

«አባባ፣ ማር ነው እንዴ?»

«ድንጋይ ነው።»

«ላሊበላ ድንጋይ አለቀ ብለውዎት ነው?»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ስልቻዬን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ሲያወርደኝ ግን ለሽማግሌ ብሎ ግማሽ ሂሳብ ስለተቀበለኝ ቂም አልያዝኩበትም። የአሸተን ተራራ ጉሙን ገና አላወለቀም ነበር።

ግቢው

ከጽሕፈት ቤቱ ስደርስ የብረት በሩ ተነቅሏል። ክምሩም የለም። በቦታው ሣር ተተክሏል። አንድ ግንበኛ ግድግዳ ሲለስን አገኘሁ፤ ሞላ ይባላል።

«እዚህ የነበረው ድንጋይ ወዴት ሄደ?»

«ያ ክምር? ከካብ የተረፈ መስሎን ለአትክልቱ ዙሪያ አዋልነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

የእታገኝ ድንጋዮች አበባ ከበው ተደርድረዋል፣ በኖራ ነጭ ተቀብተው። አበባው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከብት አይበላው፣ ንብ አያርፍበት። እኔ ያመጣኋቸውን ልለይ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ኖራው ሁሉንም አንድ አድርጓቸዋል።

«ሰው ነው የሞተበት!» ብዬ ጮህኩበት።

ሞላ ጭቃውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «አባባ፣ እኔ የወልዲያ ሰው ነኝ። የነገረኝ የለም» አለኝ።

ብርቄ ድምፄን ሰምታ ከጓሮ መጣች፤ ጉልበቴን ሳመች።

«አባ፣ ይግቡ።»

«አልገባም። ምያለሁ።»

«እሺ፣ ደጅ ይቀመጡ። መቼም ደጁ ላይ አልማሉ!»

በደጁ አለመማሌን ሳስብ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አንዲት መስኮት ያላት፣ ፀሐይ የማያገኛት። በመንገዱ በኩል ደግሞ አንዲት ሴት ሰፊ ክፍል ይዛ ሻይ ስትሸጥ አይቼ ነበር።

«ያች የመንገድ ዳሯስ ለማን ደረሰች?»

«ዕጣው ለእኔ ነበር የወጣ። በዚህች ለወጥኳት።»

«ጅል! ሱቅ የሚሆን ቤት ሰጥተሽ ጓሮ ገባሽ? አንቺስ በማን ወጣሽ?»

«በእማዬ» አለችኝ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። «አባ፣ እማዬ በሩ ላይ አልሞተችም። ፀሐዩ ሲበረታባት ሰልፉን ትታ እዚህ ጥላ ያዘች። እኔን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን ትጎነጉነኝ ነበር። ግማሹን ጎንጉና እጇ ቆመ። ደክሟት መስሎኝ እንዳላስቸግራት ዝም አልኩ። ሰው መጥቶ እስኪያነሣኝ ድረስ እንደዚያው ተቀምጬ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ?»

እውነቷን ነው። እናቷን ባነሣሁባት ቁጥር ስለምታለቅስ ማንሣቱን ትቼው ነበር።

«ኋላማ» አለች፣ «ከብልባላ ድረስ ተሸክመው ሲመጡ፣ አላፊውም ሲጨምርበት እያየሁ፣ ቦታው እሱ አይደለም ብዬ እንዴት ልንገርዎ?»

ምሳ አውጥታ ሰጠችኝ። ግድግዳውን ተደግፌ በላሁ። ያ ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው። እታገኝ ለዚህ ነው የመጣችበት። ብርቄ ይመርቁኝ ብላ አልለመነችኝም፣ እኔም ቤቱን መልሺ አላልኳትም። መሐላዬ አስሮኝ ሳልመርቅ ተነሣሁ።

መመለስ

ከሰዓት በኋላ በተነሣ መኪና ሳይመሽ ቤቴ ገባሁ። ስልቻዬን ስፈታ ድንጋዩ እንዳለ ነው፤ የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ይዤው ተመልሻለሁ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይኼ ነው፤ ሙት ያለበት ሰው፣ ሟች አጠገብ የነበረውን ይጠይቅ። ቢያለቅስም ይጠይቀው። እኔ ድንጋይ ሳመላልስ ልጄ ያን ሁሉ ዘመን ብቻዋን አልቅሳለች።

በማግሥቱ ጠዋት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ከመሐላዬ እንዲፈቱኝ ለመንኩ። «ይህ ደግሞ ስንተኛህ ነው?» አሉኝና ፈቱኝ። ከዚያ እታገኝ በተከለችው ጌሾ ሥር የበቀለ ችግኝ ከነአፈሩ ቆፍሬ አወጣሁ፣ በእርጥብ ጆንያም ጠቀለልኩት። አህያዋን በአንድ ጎን ጌሾውን፣ ሚዛን እንዲሆን በሌላው ጎን ድንጋዩን ጫንኳትና፣ ልጄ ቤት ልመርቅ ወረድኩ።