ጸሐፊነቱ ይቅርብኝ

ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ የፈረደብኝም እሱ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ መምህራኑ መጽሐፉን ለእኔ እየሰጡ «ኖት ጻፊላቸው» ይሉኝ ነበር። ሌላው ተቀምጦ ይገለብጣል፤ እኔ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ሁሉም ጨርሶ ሲወጣ የራሴን ደብተር አውጥቼ ሀ ብዬ እጀምራለሁ። ፀጉሬ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ወደ ቤት ስሄድ «ጎበዝ» እባላለሁ። ጎበዝ! ሰውን በነፃ ሲያሠሩት እንዲህ እንደሚሉት ያኔ የት አውቄ።

አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ለክረምት የሳይንስ ትምህርት ተመረጥኩ። ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጣን ልጆች ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተመላለስን ክረምቱን በቤተ ሙከራ ልንማር ነው። እኔ የመጣሁት እዚሁ ልደታ ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ እኛ ጋ ቤተ ሙከራ ማለት ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነው። በመስኮቱ ስናጮልቅ አቧራ የለበሰ ማይክሮስኮፕ ይታየናል፤ በቃ፣ ያ ነው ሳይንሳችን። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛው ላይ መበየጃውን ሳየው ልቤ ዘለለ። እስክሪብቶ የመሰለ፣ ጫፉ የሚግል ነገር ነው፤ ቀጭን ሽቦ አቅልጦ የሬዲዮን ሆድ ዕቃ እርስ በርስ የሚያያይዘው እሱ ነው። ሥራቸው ጥሩ የሆነ ልጆች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እዚያው መሥራት እንደሚችሉ ተነገረን። ያቺን ቅዳሜ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

አምስት አምስት ሆነን ተመደብን። የቡድናችን መሪ ከግል ትምህርት ቤት የመጣ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስ ልጅ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም። ስማችንን ወረቀት ላይ ስጽፍ አየና «እንዴ! ፕሪንት እኮ ነው የሚመስለው! በቃ፣ ጸሐፊያችን አንቺ ነሽ» አለ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሞኝ።

እማዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች። ክረምት ሲመጣ አጠገቧ ሆኜ ስለምሸጥላት የለቀቀችኝ እያጉረመረመች ነው። ጸሐፊ መሆኔን ስነግራት ግን እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልደታ ማርያም ደጅ ላገኘቻት ሴት ሁሉ «ልጄን እኮ ዩኒቨርሲቲ ጸሐፊ አድርጎ ሾማት!» ትላለች። ሴቶቹ ጉንጬን ሳሙኝ። አንዷማ ለልጇ ሥራ እንድፈልግላት ለመነችኝ።

ቡድናችን የሚሠራው የበርሜል ደወል ነበር። መቼም ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ጥቅሙ አይጠፋውም፤ በርሜሉ ሲሞላ ውሃው የሽቦዎቹን ጫፍ ይነካና ይጮሃል፣ ውሃው ሳይፈስ ሮጠህ ትዘጋለህ። መሪው ይበይዳል፣ አንዱ ሽቦ ይይዝለታል፣ እኔ ጥግ ይዤ ሪፖርታችን ላይ «ባትሪውን አገናኘን» ብዬ እጽፋለሁ። ማን ነው ያገናኘው? እኔ እንደሆነ ባትሪውን በእጄ ነክቼው አላውቅም።

አንድ ቀን «እስቲ ስጠኝ፣ እኔም ልሞክር» አልኩት።

«ያቃጥልሻል። ደግሞ ማን ሊጽፍ ነው?»

በማግስቱም ጠየቅኩ። «ቆይ ይቺን ልጨርስ» አለኝ። ይቺ የሚላት ነገር አታልቅም። ለቤተ ሙከራው አስተማሪ ነገርኩት። ወጣት ነው፣ ነገር ቶሎ የሚሰለቸው። የጻፍኩትን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እንዲህ የምትጽፍ ልጅ እያለች ሌላው ለምን ያበላሸዋል?» ብሎኝ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ደሜ ፈላ። በአብነት ሰፈር በኩል በእግሬ ስመለስ ዝናቡ ይወርድብኛል፣ ሚኒባሱ ጭቃ ይረጨኛል፣ እኔ ለራሴ እየተሳደብኩ እሄዳለሁ። ቤት እንደገባሁ «ጸሐፊነቱን ትቼዋለሁ» አልኳት እማዬን።

እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ወይ ጉድ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ።»

«ምኑን ነው የምበላው እማዬ፣ ቀለሙን?»

ሳቀች። እነሱ ሲሠሩ እኔ ተቀምጬ ምን እንደምጽፍ ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። «እና እኔ እዚህ ብቻዬን ባልዲ ስሸጥ የምከርመው አንቺ እንድትጽፊላቸው ነው?» ብላ እኔው ላይ ጮኸችብኝ። እሰይ፣ ደግ አደረገች።

በማግስቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩ። «ከዛሬ ጀምሮ የሠራ ሰው የሠራውን ራሱ ይጽፋል» አልኩ። መሪው «ቀልደኛ ነሽ» ብሎ መበየጃውን ቁጭ ሲያደርገው አነሳሁት። የቀለጠው ሽቦ ያለቦታው ተንጠባጠበ፤ ጣቴን ለበለበኝ።

«አልነገርኩሽም?»

«ነግረኸኛል» አልኩና ቀጠልኩ።

እነሱ ምሳ ሲወጡ እየቀረሁ በተጣለ ቁርጥራጭ ላይ ተለማመድኩ። የመሪው ብየዳ ሾል ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የእኔ ድብልብል፣ ሽምብራ የሚያክል። ቢሆንም ስትጎትተው አይነቀልም። መሪው አኮረፈኝ። ሌሎቹ ግን ቀስ በቀስ «ከሱ በኋላ ተራው የኔ ነው» ማለት ጀመሩ፤ ለካ እነሱም ቆይተዋል ሲመኙ።

ሪፖርቱ የሚገባበት ቀን ጠዋት መሪው ኩራቱ ለቆት መጣ። «በናትሽ፣ በአንቺ ጽሕፈት ይገልበጥ። እንዲህ ካስገባነው ውጤታችን ይወርዳል። ቅዳሜውን እኮ አንቺም ታጪዋለሽ።»

እውነቱን ነው። እሱ ቅዳሜውን ቢያጣ ትምህርት ቤቱ መበየጃ አለ። እኔ ካጣሁት አጣሁት ነው። አልዋሽም፣ እጄ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅብኝም። ግን አሁን ብገለብጠው ያ ሁሉ ጣት የተቃጠለው ለምንድነው?

«የኔን ገጽ ጽፌያለሁ። የራሳችሁን ጻፉ» አልኩት።

አስተማሪው ሪፖርቱን ሲገልጥ ፊቱን አጨማደደ። የመሪው ገጽ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ የሌላው ወደ ላይ ይወጣል፣ የሌላው ይወርዳል።

«እናንተ እኮ ጥሩ ጸሐፊ ነበረቻችሁ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ምነው፣ አሞሽ ነበር?»

«አይ ቲቸር፣ እየበየድኩ ነበር።»

መሪው ጫማውን ማየት ጀመረ። አስተማሪው ደወሉን አንስቶ ገለበጠው።

«የትኛው ነው ያንቺ?»

«እነዚያ ድብልብሎቹ።»

«አስቀያሚ ናቸው።»

«አዎ፣ አስቀያሚ ናቸው» አልኩና ደወሉን ከእጁ ተቀብዬ የሽቦዎቹን ጫፍ ለሙከራ ውሃ የሞላነው ጣሳ ውስጥ ነከርኩት።

ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! በየጠረጴዛው ያለው ሁሉ ዞረ፤ ኮሪደር ላይ የነበረው ሰው በበሩ ብቅ አለ።

«እሺ፣ ገባኝ፣ አውጪው!» አለ አስተማሪው።

አላወጣሁትም። «ቲቸር፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?»

«አውጪው አልኩሽ!»

«በስንት ሰዓት?»

«በሁለት ተኩል!» ብሎ ጮኸ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ።

ያኔ ሽቦውን ከውሃው አወጣሁት።