አቶ ካሳው፣ የሐሙሱ ሬዲዮና የእኔ ዝምታ

ከሩቅ መጥታችሁ ነገሩን በወጉ ላልሰማችሁ ልንገራችሁ፤ ከኩልመስክ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው ቀበሌያችን ለብዙ ዓመታት በጤና ረዳትነት ያገለገሉት አቶ ካሳው ካረፉ እነሆ አርባ ቀን ሞላቸው። የገደላቸው ተስቦ ነው። «ልብሳችሁን ቀቅሉ፣ ቅማል ከቤት አታሳድሩ» እያሉ ዳገት ቁልቁለት ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ማንም ሊጠጋው ያልወደደውን አንድ መንገደኛ በገዛ ጋቢያቸው ጠቅልለው አስተኙትና በሽታውን ከእርሱ ወሰዱ። መንገደኛው ድኖ ሄደ። እኔ በዚህ ተናድጃለሁ። ሐዘንተኛ መናደድ የለበትም የሚለኝ ካለ፣ እርሱ አቶ ካሳውን አያውቃቸውም።

የምታውቋቸው ሁሉ ሐሙስን ታስታውሳላችሁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ለገጠር ጤና ሠራተኞች የተዘጋጀ ፕሮግራም በሬዲዮ ይተላለፋል። አንድ ሐኪም ስለ አንድ በሽታ ያስረዳሉ፤ ቀጥሎ ከየክሊኒኩ የተላከ ደብዳቤ ተነብቦ መልስ ይሰጥበታል። አቶ ካሳው ጠዋት የሬዲዮኑን ባትሪዎች አውጥተው በመስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል። ሰዓቱ ሲደርስ የጀመሩትን ቁስል አስረው ይጨርሱና በሩን ከፍተው፣ «ወገኖቼ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሡኝ። የጠናበት ካለ ይግባ፤ ሌላው ከእኔ ጋር ይማር» ይላሉ። ከሙጃ በኩል በእግሩ የመጣ ገበሬ ያበጠ ጉልበቱን ታቅፎ ስለ ኩላሊት ትምህርት ያዳምጣል።

አሮጊቷ ወይዘሮ ደብሬ አንድ ቀን ከወረፋው መሐል፣ «አንተ ካሳው፣ ሬዲዮንህ ተሻለው? ከተሻለው እኛ እንግባ!» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሳቸው ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ፣ «እማማ፣ ዛሬ የማላውቀውን ካልሰማሁ ነገ እርስዎን በትናንቱ ዕውቀቴ ነው የማክምዎ» አሏቸው።

«በትናንቱም ቢሆን አክመኝ፤ እኔም የትናንት ሰው ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ደብሬ።

እኔ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ መሬት ላይ በጭራሮ እየጻፍኩ ራሴን አስተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ማስተማር ልማድ ሆኖብኛል። ከገበያ የተገዛ ኪኒን እንደሚጎዳ ጽፌ በማኅበሩ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በየስብሰባው «ተነሥና ግለ ሂስ አድርግ» እያልኩ ጎረቤቶቼን ያስነሣሁም እኔው ነኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ልጄ እናኑ ታመመች። ትኩሳትና ራስ ምታት ነበራት። ከገበያ ካፕሱል ገዝቼ በድብቅ ሦስት ቀን ሰጠኋት። ትኩሳቱ በረድ አለ እንጂ አልለቀቃትም። ወደ ክሊኒኩ ስወስዳት አቶ ካሳው፣ «ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ምን ማለትዎ ነው? በር ላይ የለጠፍኩትን አላነበቡትም?» ብዬ ተቆጣሁ።

ውሸት ነበር። አመኑኝ። ቅማል የሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት መስሏቸው የእርሱን መድኃኒት ሰጧት። በሁለተኛው ቀን አንገቷ ደረቀ። ያን ጊዜ ማጅራት ገትር መሆኑን አውቀው መርፌ ጀመሩላት፤ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት ሌሎቻችን ስንፈራረቅ እርሳቸው ግን ትከሻ አልቀየሩም። ልጄ ተረፈች። ጆሮዋ ግን ዳግመኛ አልሰማም።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ይቀብረው ነበር። እርሳቸው ግን ጽፈው ለሬዲዮው ላኩት! አንድ ሐሙስ ክሊኒኩ በሰው ተሞልቶ ሳለ ደብዳቤው ተነበበ። የማንም ስም አልተጠራም፤ የቀበሌያችን ሰው ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አያሻውም። ሐኪሙም እንዲህ ብለው መለሱ፦ «አስቀድሞ በግማሽ የተሰጠ መድኃኒት ይህን በሽታ ይሸፍነዋል። ባልደረባችን ሕፃኗ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ ጠይቀው ነበር?»

ወይዘሮ ደብሬ ወደ አቶ ካሳው ዞሩ። «ጠይቀህ ነበር?»

አቶ ካሳው አንድ ጊዜ አዩኝ። «ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናኑን ያደነቆራት ካሳው ነው ተባለ።

በማግስቱ ብቻቸውን አገኘኋቸው። «ሰጥቻት ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ሐኪሙ ሲናገሩ ፊትዎን አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የእኔን ስሕተት ተናገርኩ። የእርስዎን እርስዎ ይናገሩ።»

«ሰው የሚወቅሰው እርስዎን ነው እኮ!»

«ይውቀሰኝ። ኪኒን የሰጠ አባት ሁሉ ግን እርስዎን ቢሰማ ከእኔ አይደብቅም ነበር። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሬዲዮኑን ዘግተው፣ «እኛስ ዛሬ የምንናገረው አለ?» ይላሉ። ሰው ስለ ትምህርቱ የሚጠይቁ ይመስለዋል። እኔ ጫማዬን አያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን ቢሰድቡኝ፣ አንድ ቀን በአደባባይ ቢያጋልጡኝ ምን ነበረበት? ትዕግሥት እንዲህ ሰውን እንደሚያስመርር ከእርሳቸው ተማርኩ።

በዚህ መካከል እሑድ እሑድ ቤቴ እየመጡ እናኑን ማንበብና መጻፍ አስተማሯት። እኔ አልቻልኩም፤ ፊቷን እያየሁ ፊደል ማስቆጠር አቃተኝ። «አንደበት የሚሆናት ነገር እንስጣት» ይሉ ነበር። ዛሬ ከእኔ የተሻለ ትጽፋለች።

ልቅሶው ላይ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ደግ ነበሩ፤ የዚያች ልጅ ነገር ባይኖርባቸው» አለ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። የመቃብራቸው አፈር ገና ያልደረቀውን ሰው ስም ብከላከል ማን ይከለክለኝ ነበር? ከኩራቴ በቀር ማንም። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ዛሬ በተዝካራቸው ላይ ቆሜ የማነበው እናንተም እንድታውቁት ነው፤ ልጄን ያደነቆራት የእኔ ካፕሱልና የእኔ ውሸት ነው። በቤቱ ኪኒን የሰጠ ካለ፣ በእርሳቸው ምትክ ለሚመጣው ጤና ረዳት ይንገር። የማኅበሩ ሰዎች በጸሐፊነቴ ላይ የሚወስኑትን እቀበላለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩበትን ወረቀት አስቀድሜ ለእናኑ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችውና ከጀርባው፣ «እሳቸው ያውቁ ነበር?» ብላ ጻፈች። «አዎ» ብዬ ጻፍኩላት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ መቃብሩ ሄደች። ከተመለሰች ወዲህ ዓይኔን አላየችውም።

አቶ ካሳው፣ አሁንም ተናድጄብዎታለሁ። ለመንገደኛው ጋቢዎን ሲሰጡ ለራስዎ አላዘኑም፤ የእኔን ጥፋት ተሸክመው ሲኖሩ ለስምዎ አልሣሡም። የቀረዎት አንድ ቃል ነበር፣ እርሱንም ሕይወትዎ ካለፈ በኋላ ይኸው አመጣሁልዎ። የዘገየ መድኃኒት መሆኑን አውቃለሁ። አፈሩ ይቅለልዎ፣ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እርስዎ ይረፉ። እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ ልጄ ቀና ብላ እስክታየኝ ድረስ እጠብቃለሁ።